ቁስሉ ሲያንስ

ሙያውን ያስተማሯት ሽማግሌ «ተናደሽ ሽቦ አትንኪ» ይሏት ነበር። «ኤሌክትሪክ የተናደደ ሰው ይወዳል።» ያን ጠዋት ግን ምክሩንም መካሪውንም ረስታ፣ እሳት ጎርሳ እሳት ለብሳ የሰው ግድግዳ ትበሳ ነበር።

ብልጭታ ነው የሥራ ባልደረቦቿ የሚሏት። ሽቦ ስለምታገናኝ ብቻ አይደለም፤ ቁጡ ናት፣ ቦግ ለማለት አፍታ አይፈጅባትም። የዛሬው ንዴቷ ግን ምክንያት ነበረው። የምትበሳው ግድግዳ የዚያ የከዳት አርክቴክት መኝታ ክፍል ግድግዳ ነበር።

አለቃዋ አንዲት ባለጸጋ ባልቴት ለመኝታ ክፍል አዲስ ሶኬትና መጠባበቂያ ባትሪ ይፈልጋሉ ብሎ ገና ሰፈሩን ሲነግራት ቤቱን አወቀችው። ከውጭ እንጂ ከውስጥ አይታው አታውቅም። ሌላ ሰው ላክ ማለት ትችል ነበር፤ አላለችም። እሱ እንደሆነ አገር ለቆ ሄዷል፣ በገዛ እጁ ጽፎላታል። እኔ ምን አጥፍቼ ነው የምሸሸው ብላ መሣሪያዋን አንግታ መጣች።

የተዋወቁት ሕንፃ ሲሠራ ነበር። ንድፉ የእሱ ነው፣ ሽቦው የእሷ። ወረቀቱን ዘርግታ ብታይ አንዱን ሶኬት በሩ ሲከፈት ከሚሸፍነው ቦታ ላይ አድርጎታል። በሠራተኛው ሁሉ ፊት፣ አንተ ሰውዬ፣ እናንተ ቤት በር ዘግታችሁ ነው ወይ የምትሰኩት ብላ አፋጠጠችው። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። ሲስቅ ትንፋሽ እንደሚያጥረው ያኔውኑ አይታለች። ከሳቁ ብዛት ነበር የመሰላት።

ከዚያ በኋላ የሆነው ፍቅር ነው፣ ምን ይደረግ። ቀለበት ሳያስሩ ተጫጩ። እናቱ ሲሰሙ «ልጄን ለሽቦ ጎታች አልድርም» አሉ መባሉ ጆሮዋ ደረሰ። እሱ ግድ የለሽም፣ እኔ አሳምናቸዋለሁ ይላት ነበር። አንድ ቀን ግን ማሳመኑ ቀረና ደብዳቤ መጣ፤ አገር ለቅቄ እሄዳለሁ፣ ልቤም ካንቺ ጋር የለም፣ አትጠብቂኝ የሚል። ወረቀቱ እጥፋቱ ላይ እስኪቀደድ ድረስ አነበበችው። አልቅሳ ሲያበቃ ቁጣው መጣላት፤ ቁጣው ደግሞ ከእንባው ይሻል ነበር።

አሁን እትዬ፣ ማለት እናትየው፣ በሩ ላይ ቆመው አፍ አፏን ያዩዋታል። ዓይናቸውን ከፊቷ ላይ አይነቅሉም። ሌባ እንደምትጠበቅ ነው የሚጠብቁኝ አለች በሆዷ። መሰላል ላይ ሆና፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳደረገች፣ አልጋው በየት በኩል እንደሚሆን ጠየቀቻቸው። ዝም። ደግማ ጠየቀች። አሁንም ዝም፤ ጆሮ ዳባ ልበስ። ደሟ ፈላ። ወርዳ ፊት ለፊታቸው ቆማ ስትጠይቃቸው ጊዜ ወዲያው መለሱላት። ለካ ደጅ ጠንቼ ካልቆምኩ መልስ አይገባኝም ብላ ጥርሷን ነከሰች።

«ሶኬቱ ላይ የሚሰካው ምንድን ነው?» አለቻቸው። የሚሰካው ሳይታወቅ ሽቦ አይመረጥም።

«የልጄ ልብ» አሉ እትዬ።

ቀልድ አልነበረም። ቁጭ ብለው እየተቆራረጡ አስረዷት። የልጃቸው ልብ ደክሟል፣ ደም መግፋት አቅቶታል። ሐኪሞቹ ልቡ ላይ ትንሽ ፓምፕ ሊገጥሙለት ነው። ከፓምፑ አንድ ገመድ በሆዱ በኩል ይወጣል፤ ቀን ቀን ትከሻው ላይ በሚያነግታቸው ባትሪዎች ይሠራል፣ ሲተኛ ግድግዳው ላይ ይሰካል። አባቱም ልቡን ታሞ ደረቱን መሀል ለመሀል ነበር የሰነጠቁት። የሱን አጥንት ግን አይነኩትም አሉ፤ በግራ በኩል ከጡቱ ሥር በጎድን አጥንቶቹ መሀል አንድ ትንሽ ቀዳዳ፣ ከላይ ደረቱ ላይ ሌላ ትንሽ፣ በቃ። አንድ ነገር ብቻ ነው የቀረው። ሆስፒታሉ አብሮት የሚያድር አንድ ሰው ሠልጥኖ ካልተፈተነ አልሠራም ብሏል፤ ማሽኑ ሲጮህ ሰምቶ የሚነሣ፣ ባትሪ የሚቀይር። ፈተናው ነገ ነው።

«ሰውየው እኔ ነኝ» አሉ፤ ዓይናቸው አሁንም አፏ ላይ ነበር።

ብልጭታ እጇ ላይ የነበረው ጠመንጃ መፍቻ ይሁን መሰርሰሪያ አላወቀችውም፤ ብቻ የሆነ ነገር ወለሉ ላይ ወደቀ። አገር ለቆ አልሄደም። ይኸን ሁሉ ጊዜ እዚሁ ከተማ ነበር፤ አሁንም ሁለት አውቶቡስ ተሳፍረው ከሚደርሱበት ሆስፒታል ተኝቷል። ከሐዘኗ ቀድሞ ንዴቷ ደረሰ። በሩ አጠገብ ያለውን የማብሪያ ማጥፊያ ሳጥን ፈታች፣ ሽቦ ሳበች፣ አገናኘች፣ መጠባበቂያ ባትሪውን ሰካች። ሁሉም ሠራ። ክዳኑን አስራ፣ እትዬን እጅ ነስታ፣ አቧራዋን እንኳ ሳታራግፍ ወጣች።

ቀጥታ ሆስፒታል ሄደች። እሱ ትራስ በትራስ ላይ ተደግፎ፣ ተቀምጦ ነበር የተኛው። ጋደም ካለ ያፍነዋል። ፊቱ ከስቷል፣ እግሮቹ ግን አብጠው ቆዳቸው ያብረቀርቃል። በሩ ላይ ሲያያት ፈገግ አለ። ያቺ ፈገግታ ናት ያቃጠለቻት።

«ውጭ አገር እንዲህ ነው እንዴ?» አለችው።

ማን እንደነገራት ጠየቀ። ግድግዳህን ስበሳ ሰማሁ አለችው። ከዚያ እሱ መናገር ጀመረ፣ እሷም መጠበቅ። በየሁለቱ ቃል መሀል መተንፈስ ነበረበት፣ በታመመ ሰው ላይ ደግሞ አይጮኽም፤ ቁጣዋን አፏ ውስጥ ይዛ እንደ ትኩስ ድንች እያገላበጠች ጠበቀችው።

የአባቱን ነገር ነገራት። ደረቱን ከሰነጠቁት በኋላ አጥንቱ አልገጥም ብሎ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ እናቱ ሲያጥቡ፣ ሲያነሡ፣ ሲያስተኙ፣ እሱ በልጅነቱ አይቷል። እናቱ በሁለት ዓመት ውስጥ አርጅተው ወጡ። የሱም ልብ እንደ አባቱ መሆኑን ሐኪም ሲነግረው፣ እሷን በእናቱ ቦታ አያት። ያን ቀን ነው ደብዳቤውን የጻፈው። ብትጠላኝ ይሻላታል ብሎ።

ይኼን እንኳ ልትውጠው ትችል ነበር፤ እንባዋም መጥቶ ነበር። እሱ ግን ቀጠለ።

«አሁን ግን… ሌላ ነው» አላት፤ ዓይኑ በርቶ። «አጥንቴን አይነኩም። ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ… ብቻ። ቶሎ ነው የምነሣው። ለዚህ ነው… ልጽፍልሽ የነበረው።»

ብልጭታ ቀስ ብላ ወደ አልጋው ቀረበች።

«ቁስሉ ሲያንስልህ ጊዜ ነው የታወስኩህ?» አለችው። «ትልቅ ቢሆን ኖሮ መሞትህን ከመንገደኛ ነበር የምሰማው ማለት ነው። ንገረኝ እስቲ፣ ስንት ጣት ቁስል ድረስ ነው ትችላለች ያልከኝ? እዚህ ድረስ?» ብላ በጣቷ ከደረቱ በላይ አየሩን ለካች። «ወይስ እዚህ ድረስ? ፈተናው ላይ ሳታስቀምጠኝ ጣልከኝ። አሁን ደግሞ ፈተናው ቀለለ ብለህ ትጠራኛለህ።»

«እናቴን ስላየኋቸው…»

«እናትህን ጠይቀሃቸው ታውቃለህ? አባትህን በማስታመማቸው ተጸጽተው እንደሆነ አንድ ቀን ጠይቀሃል?»

እንዳልጠየቀ ፊቱ ላይ ይታያል። ዞራ ወጣች። በስሟ ሳይሆን በዚያ በቅጽል ስሟ ሲጠራት ሰማችው፤ ድምፁ በሩ ጋ ሳይደርስ ትንፋሹ አለቀ። ሰምታ እንዳልሰማ ሄደች፤ በደረጃው ስትወርድ በሱም በራሷም እንዲህ ተናዳ አታውቅም ነበር።

አውቶቡስ ውስጥ ከመስኮቱ ጥግ ተቀመጠች። ሁለተኛ ወደዚያ ቤት እግሬን ባነሣ ብላ ማለች። ልማድ ሆኖባት ግን ጣቶቿ ጉልበቷ ላይ መንቀሳቀስ ጀመሩ። የሠራችውን ሥራ ሁሉ ወደ ቤቷ ስትመለስ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በጣቷ ትደግመዋለች፤ ቀዳዳው፣ ቱቦው፣ ሽቦው፣ ማጥበቂያው። ሽማግሌው ያስለመዷት ነው። የማብሪያ ማጥፊያው ሳጥን ጋ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

ሳጥኑ ውስጥ ሁለት ሽቦ ነበር። አንዱ ሁልጊዜ ኃይል አለበት። ሌላው ወደ አምፖሉ የሚሄደው ነው፤ የሚሠራው ማብሪያው ሲበራ ብቻ ነው። የያዘችው የትኛውን ነው? ጣቷን መልሳ አስኬደችው። የአምፖሉን። መብራቱ በርቶ ስለነበር ስትሞክረው ሠራ እንጂ፣ ያን ክፍል መብራት ያጠፋ ሰው ሶኬቱንም አብሮ ያጠፋዋል። አንድ ምሽት ደህና እደር ብለው መብራቱን ያጠፉና የልጃቸውን ልብ ያጠፋሉ።

ወይ እኔ፣ አለች ድምፅ አውጥታ፤ አጠገቧ ያሉት ሴትዮ ዞረው አዩዋት። በር ዘግታችሁ ነው ወይ የምትሰኩት ብላ በሰው ፊት የሳቀችበት ሰው ትዝ አላት። ሶኬት በር ጀርባ ያደረገ ሰው ማንንም አልገደለም። ግን እኮ ባትሪው አለ ብላ ራሷን አጽናናች፤ መስመሩ ሲቋረጥ መጠባበቂያው ይረከባል፣ ይጮኻል፣ ሰው ይሰማል። ቢሆንም በሚቀጥለው ፌርማታ ወርዳ ሮጠች።

ዘበኛው በሩን ሲከፍትላት ከላይኛው ፎቅ ጲጲ፣ ጲጲ የሚል ድምፅ ይመጣ ነበር። አንቺ ከወጣሽ ጀምሮ እንዲሁ ይጮኻል አላት። ለምን ገብተህ አላየህም ብትለው፣ ሳልጠራ አልገባም፣ እትዬ አልጠሩኝም አለ። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ወጣችው።

መብራቱ ጠፍቶ ነበር፤ በመስኮቱ የሚገባው የምሽት ብርሃን ብቻ ነው። እትዬ ልጃቸው አልጋ ላይ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው፣ ሸሚዞቹን አንድ በአንድ ያጣጥፋሉ። ባትሪው እግራቸው ሥር ቀይ መብራቱን እያብለጨለጨ ጆሮ እስኪበሳ ይጮኻል። እሳቸው የአንዱን ሸሚዝ ኮሌታ በእጃቸው መዳፍ ያቃናሉ።

«እትዬ» አለች። ምንም። ጮክ ብላ ደገመችው። ምንም።

ዞራ ፊት ለፊታቸው ስትቆም በድንጋጤ ደረታቸውን ያዙ። ከዚያ ዓይናቸው ቀጥታ ወደ አፏ ሄደ። ብልጭታ ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባት፤ ማፍጠጣቸው፣ ዝምታቸው፣ ንቀት ያለችው ሁሉ። ጎንበስ ብላ ወደ ባትሪው ጠቆመች። እትዬ ቀዩን መብራት አዩት።

«ይጮኻል እንዴ?» አሉ ዝግ ባለ ድምፅ።

ብታዝንላቸው ኖሮ ጥሩ ነበር። አላዘነችም፤ ጭራሽ ባሰባት። «ይኸን ይዘው ነው ነገ የሚፈተኑት?» አለቻቸው፣ እያንዳንዱን ቃል አፏ ላይ እየሣለች። እትዬ መብራቱን አያለሁ ብለው ነበር አሉ። «ሲተኙስ?» ስትላቸው ዓይናቸውን ወደ ሸሚዙ መለሱ። የሰው ድምፅ ቀረብ ብሎ ወፍራም ከሆነ ይሰማቸዋል፤ ቀጭን ድምፅ ግን መስማት ካቆሙ ቆይተዋል። ለሐኪሞቹ ቢናገሩ ለልጁ ፓምፑን አይገጥሙለትም። ሌላ ሰው ደግሞ የለውም።

«ሰውማ ነበረው» አለች ብልጭታ።

እትዬ ሸሚዙን ጭናቸው ላይ አኖሩት። «በዚህ ሁሉ ከተማ ኤሌክትሪሻን ያጣሁ መሰለሽ?» አሉ። «አንቺ የምትሠሪበትን ቤት አጠያይቄ ነው። ሴቷን ላኩልኝ ብዬ ነው። መጥተሽ ስትቆሚ ግን እንዴት ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝ። ያን ቀን ሽቦ ጎታች ያልኩሽ እንደደረሰሽ አውቃለሁ።»

ቁጣዋ ከእግር ጥፍሯ ተነሣ። እሱ አገር ለቅቄ ሄድኩ ይላል፣ እሳቸው ሶኬት ግጠሚልኝ ይላሉ፣ ዘበኛቸው ሳልጠራ አልገባም ይላል፤ እዚህ ቤት ውስጥ አንድ ሰው «ነይ» የምትለዋን አንዲት ቃል የሚያወጣ ጠፍቶ ነው ሰው የሚሞተው።

«ነይ ማለት ይኸን ያህል ከብዷችሁ ነው?» አለቻቸው፤ እንባዋ ዱብ ዱብ እያለ። «እናንተ ቤት ሰው አይለመንም?»

«አይለመንም። አልለመድነውም።» እትዬ እጇን ያዙ፤ የእጃቸው ቆዳ ስስ ነበር። «አሁን ግን እለምንሻለሁ። ነይልኝ ልጄ።»

ብልጭታ አልመለሰችም። ፊቷን በክንዷ ጠርጋ፣ ኃይሉን ዘግታ፣ የማብሪያውን ሳጥን እንደገና ፈታች። እትዬ በስልካቸው መብራት አበሩላት። ሽቦውን ከአምፖሉ አላቅቃ ሁልጊዜ ኃይል ካለበት ጋር እያሰረች፣ ሶኬቱንም አበላሽቼው ነበር፣ በልጅዎ ተናድጄ አለቻቸው፣ ፊቷን ወደ ብርሃኑ አድርጋ።

«ሰው ያናድዳል» አሉ እትዬ። «አባቱም እንደዚያው ነበር።» ስልኩን ወደ ሳጥኑ አቀረቡላት። «አባቱን ያስታመምኩበት ሁለት ዓመት ያስረጀኝ ይመስለዋል አይደል? አባትየው በጤናው ሥራ ሥራ ሲል አግኝቼው አላውቅም ነበር። ያኔ ነው ባሌን ያገኘሁት።»

ማጥበቂያውን አጠበቀች። ከዚያ ኃይሉን መልሳ ማብሪያውን አበራችው፣ አጠፋችው፣ አበራችው፣ አጠፋችው። ባትሪው ዝም አለ፤ ሶኬቱ ይሠራ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት የማሠልጠኛ ክፍል ውስጥ ነርሷ አንድ የመለማመጃ መቆጣጠሪያና ሁለት ባትሪ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ጠበቀቻቸው። ቆፍጣና ሴት ናት፤ ሳቅ አታውቅም። እትዬ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ እኔ አልሰማም፣ እስከ ዛሬ ደብቄያችሁ ነው አሉና ጥግ ላይ ሄደው ተቀመጡ። ነርሷ ወደ ብልጭታ ዞረች።

«አንቺ ለታካሚው ምኑ ነሽ?»

«እጮኛው ነኝ» አለች። «ተጣልተናል።»

ነርሷ እዚህ የሚመጣው አብዛኛው ሰው እንደተጣላ ነው የሚመጣው ብላ፣ ባትሪዎቹን ወደሷ ገፋችላት። ሁለቱ ባትሪዎች አንድ ላይ አይነቀሉም፤ አንዱ ተነቅሎ ሌላው እስኪሰካ፣ የቀረው ልቡን ይሸከማል። ብልጭታ አንዱን ነቅላ አዲሱን ሰክታ፣ ወደ ሌላው አለፈች። ነርሷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አቆመቻት፣ ስለ ሌላ ነገር እያወራች አዘናጋቻት፣ ከዚያ ማስጠንቀቂያውን ነካችው። ጲ ሳይል ነው ማለት ይቻላል ዞራ ጠረጴዛው ላይ የደረሰችው። ጥግ ላይ እትዬ፣ ድምፁን ሳይሆን የልጅቱን ፍጥነት አይተው፣ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ።

እሱ የተኛበት ክፍል ስትገባ ነቅቶ ነበር። የመለማመጃውን ባትሪ እንደያዘች ነው የገባችው፤ ማስቀመጥ ረስታዋለች። ባትሪውን አየ፣ እሷን አየ። ነገሩ ሲገባው ፊቱ ተለወጠ።

«እኔ… አልጠየቅኩሽም እኮ» አለ።

«አንተማ መቼ ትጠይቃለህ።»

«ይቅር… አልሽኝ?»

«አላልኩህም» አለች ብልጭታ። ወንበሩን ስባ ተቀመጠች፤ ያበጠውን እግሩን ላለመንካት ተጠንቅቃ። «ስማኝ። ቁስሉ ትንሽ ቢሆን ትልቅ ቢሆን ጉዳዬ አይደለም። ሐኪሞቹ ነገ ሐሳባቸውን ቀይረው ከአንገትህ እስከ እምብርትህ ቢሰነጥቁህ እዚሁ ነኝ። ለደብዳቤው ገና አልተቆጣሁህም። ትናንት የሰማኸው መጀመሪያው ነው። አገር ለቅቄ ሄድኩ ላልከው ለብቻው አለህ፤ ብትጠላኝ ይሻላታል ላልከው ለብቻው አለህ። ብዙ ዓመት የሚፈጅ ቁጣ ነው የያዝኩልህ።»

እሱ ሊስቅ ፈለገ፣ ትንፋሹ አላደርስ አለው። እጁን ዘረጋ። እጁን ያዘችው፤ ቀዝቃዛ ነበር፣ እሷ ግን ከትናንት ጀምሮ እንደጋለች ነበር። እንባዋ ቢመጣም ቁጣዋ አልለቀቃትም፤ እንዲለቃትም አልፈለገችም።

«ስለዚህ» አለችው፣ «ተቆጥቼህ እስክጨርስ ድረስ የትም አትሄድም። ሰማህ?»

«ሰማሁ» አለ።